ሹሩባዬን ያላላሁበት ዓመት
መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ለበዓል ለጋ ቅቤ ልትቀባኝ ፊቷ ተቀምጬ፣ ፀጉሬን በሚዶ መሃሉ ላይ ከፈለችና ዝም አለች። ቆይታ "አንቺ፣ መስመሩ እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ልጄን ከወለድኩ 5 ወር ሆኖኝ ነበር። ሻወር ቤት የውሃ መውረጃውን የሚዘጋውን ፀጉር በጣቴ እየጎለጎልኩ በድብቅ ስጥል ከርሜያለሁ። ጣና ዳር ስንቀመጥማ ነፋሱ ሻሼን እንዳይገፍብኝ በእጄ ይዤው ነበር የማወራው።

ጎረቤታችን "የሰው ዓይን ነው" አሉ። እኔ በባህር ዳር ሙቀት አሳበብኩ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መሳሳቱ እንዳይታይ ጥብቅ ሹሩባ ተሠርቼ ላዩ ላይ ሂውማን ሄር አሰፋሁ። ማታ ቅንድቤ ድረስ ተወጥሮ እንቅልፍ ነሳኝ። ሠሪዋ "ሲያድር ይለቃል" ብላኝ ነበር። እውነትም ለቀቀ። ከጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉርም አብሮ ለቀቀ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ያኔ ነው። ጥቂት ፀጉር በጣቶቿ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችና የወጣውን ቆጠረች። "ያለብሽ አንድ ነገር አይደለም" አለችኝ። የግንባሬና የጆሮዬ አካባቢ የሳሳው በመወጠር ነው፤ ቶሎ ከተላላ ይመለሳል፣ ዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ሌላው መርገፍ የወሊድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወለዱ ከ2 እስከ 4 ወር ገደማ በአንዴ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሲሞላው ይተካል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉማ የማንም ነው።

ደም ግን አስመረመረችኝ። ታይሮይዴ ደህና ነው። ሄሞግሎቢኔም ደህና ነው። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ግን ወርዷል። ሄሞግሎቢን ብቻ አይቼ ብመለስ ኖሮ ይሄ ያመልጠኝ ነበር።

የብረት እንክብል ጀመርኩ፤ የማወራርደው ደግሞ በዘጌ ቡና! ሐኪሟ ስትሰማ ሳቀች። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቡና መተውስ አይሆንልኝም። ስለዚህ እንክብሉን ጠዋት በብርቱካን ጭማቂ፣ ቡናውን 2 ሰዓት ያህል ቆይቼ አደረግኩት። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ስጠይቃት "እያጠባሽ አልሰጥሽም" አለች። ለነገሩ እሱ በዘር ለሚመጣው መሳሳት ነው የሚታዘዘው፤ ውጤቱ ወራት ይፈጃል፣ ሲያቆሙትም ያበቀለው ተመልሶ ይሳሳል።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ መስታወት ፊት መቆሙ ያሰለቻል። በስድስተኛው ወር ግንባሬ ላይ አጫጭር ፀጉር ቆመ፣ ልክ እንደ ጫጩት። ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ትንሽ ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ቅቤውን አልተውኩትም፤ ያወዛል፣ እናቴም ደስ ይላታል። ከዚያ በላይ ግን አልጠብቅበትም።

ባለፈው ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠሪዋ ዘንድ ወሰድኳት። "ላላ አድርጊላት" አልኳት።

"ቶሎ ይበተናል እኮ!"

ይበተን።