ትከሻቸውን ያላወቀው ሰሌዳ

ለአንድ የመድረክ ትርኢት መብራት እንድሠራ ተጠርቼ ነበር። አንጋፋዋ ተወዛዋዥ እስክስታ ሲመቱ መብራቱ ከትከሻቸው ጋር ሊርገበገብ፣ ሲያቆሙ ሊጠፋ ነው። ከቀሚሳቸው ጥልፍ ሥር የሚደበቅ ነገር ስለፈለግሁ አርዱይኖ ናኖ 33 ቢኤልኢ ሴንስ የተባለውን ሰሌዳ፣ ማለትም ትንሽዬ ኮምፒውተር፣ መረጥሁ። ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእንቅስቃሴ ሴንሰር አለው፤ ራሙ (የሥራ ማኅደረ ትውስታው) ግን 256 ኪሎ ባይት ብቻ። በኮምፒውተር ያሠለጠንሁት ሞዴል፣ ከናሙና ተምሮ እንቅስቃሴን የሚለየው ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ቁጥሩ የሚይዘውን ቦታ ከ32 ቢት ወደ 8 ቢት ሳወርድለት መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ቀነሰና ገባልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔት የሚፈርደው ሰሌዳው ራሱ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

የማሠልጠኛውን ናሙና የቀዳሁት ከራሴ ትከሻ ነበር። ሰሌዳውን በፕላስተር ለጥፌ ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ እንቀጠቀጣለሁ፤ ሴንሰሩ የፍጥነት ለውጡንና መዞሩን በሴኮንድ 119 ጊዜ ይመዘግባል። ለፈተና ባስቀረሁት ናሙና ስሞክረው አልሳት አለ። ፈታኙም ተፈታኙም ያው የእኔ ትከሻ እንደነበር ያኔ አልታየኝም።

በልምምዱ ቀን ማሲንቆው ተጀመረ፤ እርሳቸው ትከሻቸውን ሰበቁት፤ መብራቱ ዝም። ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ግን ቦግ አለ! ሞዴሉን ያስተማርሁት ሁለት ስም ብቻ ነበር፤ «እስክስታ» እና «ዕረፍት»። ያየውን ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ መጥራት ግዴታው ነው።

«ልጄ፣ ይህ የማንን ትከሻ ነው የሚያውቀው?» አሉኝ።

«የእኔን ነው፣ እትዬ።»

አልተቆጡም። «በል እንግዲህ የእኔንም ቅዳ» ብለው ሁለት ምሽት ሙሉ አብረውኝ አመሹ። ስሞቹንም ያረሙልኝ እርሳቸው ናቸው። እኔ «ዕረፍት» ያልሁትን ለሁለት ከፈሉት፤ ተራው መቆም ሌላ፣ ትከሻ ከመነሣቱ በፊት ትንፋሽ የሚያዝባት ቅጽበት ሌላ። ሰላምታውን፣ እርምጃውን፣ ነጠላ ማስተካከሉን «ሌላ» በሚል አራተኛ ስም ሰበሰብን። የመጨረሻውን ምሽት ቅጂ ከሥልጠናው ለይቼ ለፈተና አስቀመጥሁ።

በትርኢቱ ዕለት ጎንበስ ብለው ለታዳሚው እጅ ነሡ፤ መብራቱ አልተነቃነቀም። ነጠላቸውን አደገደጉ፤ አሁንም ጨለማ። አንድ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ያዙ። ከመድረኩ ጥግ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ቀስ ብላ በራች፤ ያቺን ያዘዙኝ እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ማሲንቆው መታ፤ ትከሻቸው ወረደ፤ መድረኩ በሙሉ ተርገበገበ።