ለአልጋው ብቻ ከፈልኩ

አባቴ የጀነራል ዊንጌት አዳሪ ነበር። ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል፤ ስለ እንግሊዞቹ መምህራን፣ ጠዋት ስለሚቀርብላቸው ቀጭን ገንፎ፣ አጥር ዘለው ወጥተው ስለተያዙበት ሌሊት። በዚህ የተነሳ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ሲባል እኔ የሚታየኝ የሀብታም ልጅ አይደለም። ተፈትኖ ያለፈ፣ መንግሥት የሚያበላው የድሃ ልጅ ነው። ቃሉ እዚህ አገር ሌላ ትርጉም እንዳለው የገባኝ ለንደን ገብቼ ስንት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በሳምንት አራት ሌሊት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከልጄ አባት ጋር ከተለያየን ቆይተናል። የእህቴ ልጅ አብራን ትኖር ስለነበር ሌሊቱ አያስጨንቀኝም ነበር። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሲሆነው እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማንቸስተር ሄደች፤ ጣጣው ያኔ ፈጦ መጣ። አንዲት የሰፈራችን ሴት በሌሊት 45 ፓውንድ እየከፈልኳት መጥታ ታድር ጀመር። አንዳንድ ቀን ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ በሩ ላይ ቆሜ «ዛሬ አልችልም» የሚል መልእክት ትልክልኛለች። ከሥራ ስንት ጊዜ ይቀራል? በእረፍቴ ሰዓት ስደውል ደግሞ ልጁ በእንቅልፍ ድምፅ «ተኝቻለሁ» ይለኛል፤ ከኋላው የጌሙ ተኩስ ይሰማኛል።

አዳሪ ትምህርት ቤት የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ከዚህ እንጂ ልጄን ጌታ ለማድረግ ከመመኘት አይደለም። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ግን በር ላይ የተጻፈውን ዋጋ ትቼ «እርዳታ እንሰጣለን» የሚለውን ማመኔ ነው። አንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ ቦርሰሪ (በወላጅ ገቢ የሚሰጥ የክፍያ ቅናሽ) አለን አሉኝ። ደስ ብሎኝ የመመዝገቢያና የፈተና ከፈልኩ፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ልጄ ግንቦት ላይ ተፈተነ፣ አለፈም። በደብዳቤው የተሰጠን ቅናሽ 30 በመቶ ነበር። የቀረው 70 በመቶ ከዓመት ደሞዜ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይተካከላል። «ከፍተኛው ቅናሽ ስንት ነው? ባለፈው ዓመትስ ለስንት ልጅ ሰጣችሁ?» ብዬ በመጀመሪያው ስልክ ጠይቄ ቢሆን ያ ሁሉ ወጪና ያ ሁሉ ተስፋ ይተርፈኝ ነበር። ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ነውሩ የእኛ ነው፤ እነሱ ጋ ተራ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ዘመድ «አገር ቤት ላኪው» ይለኝ ጀመር። እህቴ አዲስ አበባ ሰፊ ቤት አላት፤ ልጁ አማርኛውን ያጠናክራል፣ ሰው ያከብራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ደግሞ አጋጣሚው ራሱ የሚገፋፋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 እዚህ አዲሱ የሌበር መንግሥት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ከሚቀጥለው የፈረንጆች ጥር ጀምሮ 20 በመቶ ቫት እንደሚጨምር ዝርዝሩን አወጣ፤ በዚያው ቀን እዚያ ብር ለገበያ ተለቀቀ። እዚህ ዋጋው ሲሰቀል እዚያ ፓውንዴ አበጠች። ነሐሴን ልጄን ይዤ ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ለሁለት ሳምንት ልቤ ወስኖ ነበር። በብር የሚያስከፍሉት ጥሩ ጥሩ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ፓውንድ ሲመለሱ ለንደን ማታ መጥታ ለምታድረው ሴት ከምከፍለው አይበልጡም። የውጭውን ሥርዓት ተከትለው የሚያስተምሩት በዶላር ስለሚያስቡ ብሩ መውደቁ እዚያ ምንም አይፈይድም። በየክልሉ ያሉት የመንግሥት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የአባቴን ዘመን ያስታውሱኛል፤ ግን በውጤትና በፈተና ለተመረጠ የአገሩ ተማሪ የተዘጋጁ ናቸው። የእኔው ልጅ «ሀ ሁ»ን በዜማ ይወጣዋል እንጂ የጋዜጣ ርዕስ ማንበብ አይችልም።

ያስቆመኝ ይህ አይደለም። ለንደን ስመለስ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እናት ጓሮ ወስዳ ያጫወተችኝ ነው። ልጇን አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ አዲስ አበባ ልካ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ስትመለስ ዩኒቨርሲቲው እንደ ውጭ አገር ተማሪ ቆጠራት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ የአገሬውን ክፍያ ለመክፈልና የመንግሥት የትምህርት ብድር ለማግኘት ባጠቃላይ ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ዓመት እዚህ ኗሪ መሆን ይጠይቃል። የእንግሊዝ ፓስፖርት ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌው ቀይም ይሁን አዲሱ ሰማያዊ። የአገሬው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025/26 የትምህርት ዓመት 9,535 ፓውንድ ነበር፤ የውጭ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጥፍ በላይ ይከፍላል፣ ብድሩም የለም። መቅረቱ ጊዜያዊ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ማስረጃውን የምታቀርቢው ግን አንቺ ነሽ። እሷ እየተከራከረች አንድ ዓመት አለፋት። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ደመርኩት። ርካሹ መንገድ መጨረሻው ላይ ጅራት ነበረው።

የዱባይዋ የአክስቴ ልጅ ነገር ለየት ይላል። እሷ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዛ፣ ልጇ አሥራ ስድስት ሊሞላት ነው። ለእሷ ያገኘሁላት ሁለት በር ነው፤ በየአገሩ ኮሚቴ እያወዳደሩ እንደ ቤተሰቡ አቅም የሚያግዙት የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች፣ እና ጆሃንስበርግ ያለው የአፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት ናቸው፤ አንዱ ታንዛኒያ፣ አንዱ ኤስዋቲኒ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አመልክታ እየጠበቀች ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። መልሱን ያገኘሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ከማንም ሳይሆን እንቅልፍ እምቢ ካላቸው የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት። ባላቸው የጦር መኮንን ነበሩ። ትራሳቸውን ሳስተካክል ለምን ፊትሽ ጠቆረ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «የእኔ ልጆች በስቴት ቦርዲንግ ነው ያደጉት፤ ለአልጋው ብቻ ነው የከፈልነው» አሉኝ። መጀመሪያ ነገሩ የተምታታባቸው መስሎኝ ነበር።

አልተምታታባቸውም። እንግሊዝ ውስጥ አዳሪ ያላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 30 ገደማ ናቸው። ትምህርቱ እንደማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻ ነው፤ ወላጅ የሚከፍለው ለመኝታና ለምግብ ነው። ዝነኛው የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ኢተን ቫቱን ጨምሮ በዓመት ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲጠይቅ፣ እነዚህ በግርድፉ ከ14 እስከ 20 ሺህ ይጠይቃሉ፤ አዲሱ ቫትም አይነካቸውም። ኖርፎክ ያለው ዊንደም ኮሌጅ አለ፣ ዊንዘር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ሆሊፖርት አለ፣ ከ1667 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኦልድ ስዊንፎርድ ሆስፒታል አለ። (ስሙን ለጓደኛዬ ስነግራት «ልጁን ምን ነካብኝ!» ብላ ደነገጠች። ሆስፒታል የሚባል ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1552 የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል። እሱ የግል ነው፤ ግን ብዙዎቹ ተማሪዎች በወላጅ ገቢ ልክ ነው የሚከፍሉት። ስለ እሱ ዘግይቼ መስማቴ እስካሁን ይቆጨኛል።) የሚገባው ልጅ የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜጋ፣ ወይም እዚህ የመኖር መብት ያለው መሆን አለበት። ለዚህ ነው የዱባይዋን የማይጠቅማት።

አመልካች ሁለት በር እንዳለ ይወቅ። አንደኛው ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሞላው የተለመደው የሁለተኛ ደረጃ ቅጽ ነው፤ ቀነ ገደቡ ኦክቶበር 31። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚፈልገው የአዳሪ ቅጽ ነው፤ እኛ ያመለከትንበት ቦታ ቀደም ብሎ ይዘጋ ነበር። እኔ ሁለተኛውን ያወቅኩት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ነው። በቅጹ ላይ ልጁ ለምን ማደር እንደሚያስፈልገው የሚጻፍበት ቦታ አለ። የወታደር ልጆች ቅድሚያ አላቸው፤ ማደር የግድ የሚሆንባቸውም እንደዚሁ። እኛ አበሾች እዚህ ላይ እናፍራለን፤ ችግራችንን አስውበን እንጽፋለን። የመጀመሪያውን ረቂቅ «ልጄ ነጻነትን እንዲለምድ» ብዬ ጽፌው ነበር። ቀደድኩትና የሌሊት ፈረቃዬን ሰሌዳ ከአሠሪዬ ደብዳቤ ጋር አያያዝኩ።

ቃለ መጠይቅ አለው፤ ግን ስለ ትምህርት መጠየቅ አይፈቀድላቸውም፣ ለማደር ይስማማዋል ወይ የሚለውን ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ሴትየዋ «ማታ ሲከፋህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። ልጄ ጥቂት አሰበና «እናቴ ማታ ሥራ ላይ ስለሆነች ስልክ አታነሳም። ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ፣ ቀረፋ እጨምርበታለሁ፣ ከዚያ ይለቀኛል» አላት። እሷ ጻፈች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ለካ ይከፋው ነበር።

ማርች መጀመሪያ ላይ መልሱ መጣ፤ ገባ።

አሁን ሒሳቡ። የአልጋው ዋጋ በዓመት 15,600 ፓውንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ለተቸገረ ቤተሰብ የያዘው ትንሽ ፈንድ ስላለው የደሞዝ ወረቀቴን አቅርቤ ሩቡን ቀነሱልኝ፤ 11,700 ቀረ። ማታ ለምታድረው ሴት በዓመት ስከፍል የነበረው 8,280 ነበር። ልዩነቱ 3,420 ነው ብዬ ስፎክር ከረምኩ፤ ስህተት ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመት ከሦስት ወር በላይ ዝግ ነው፤ በየጥቂት ሳምንቱ ደግሞ ኤግዚያት የሚሉት አለ፣ ሁሉም ልጅ ዓርብ ወጥቶ እሁድ ይመለሳል። ባቡር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ካልሲ ሳይቀር ስም የሚሰፋበት ጨርቅ አለ። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ በእሱ ዕረፍት ላይ ደረደርኩ፤ የእህቴ ልጅም ክረምቱን ትመጣለች። ያም ሆኖ በወር ሁለት ተጨማሪ ሌሊት እሠራለሁ።

የመጀመሪያው ተርም ከነመያዣው በአንዴ ነው የሚከፈለው። እዚህ ያዳነኝ ዕቁብ ነው። ሃያ ሰው ነን፣ በወር 500፣ ዕጣው 10 ሺህ። የሐምሌው ዕጣ የወጣው ለእኔ አልነበረም፤ ዕጣ የወጣላት ጓደኛዬ ለቀቀችልኝ። የዕቁቡ ዳኛ ጋሼ፣ መዝገቡን ዘግተው «ለልጅ ትምህርት ዕቁብ ሲለቀቅ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ» አሉ። ዋስ የሆኑኝም እሳቸው ናቸው። ለካሽ ችግር ባንክ ሄጄ ቢሆን በስንት ወለድ እንደማገኘው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈለግኩም።

የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር። ስልካቸው ማታ ይሰበሰባል። በተፈቀደለት ሰዓት ደውሎ «እማዬ፣ ነይና ውሰጂኝ» አለኝ፣ በአማርኛ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት። ሥራ ልሄድ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር፤ ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ። የቤቱ ኃላፊ ሴት እስከ ሃፍ ተርም፣ እስከ ተርሙ አጋማሽ ዕረፍት ታገሺ፣ ያኔም ካለቀሰ አብረን እናስባለን አለችኝ። ታገስኩ። ተመልሶ መጥቶ ሁለተኛ ቀኑ ላይ «መቼ ነው የምሄደው?» ሲለኝ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለቀስኩ።

ጾሙ ያሳስበኝ ነበር፤ የማይረባ ጭንቀት ሆነ። ረቡዕና ዓርብ «ቪጋን» ብሎ ይሰለፋል፣ በቃ። ምስር እንኳ ያገኛል፣ በርበሬ የሌለው። ገና ግን የትምህርት ቀን ላይ ነው የሚውለው። እኔ ፈቃድ ለመጠየቅ ስቅማማ እሱ ራሱ ለኃላፊዋ ጽፎ የአንድ ቀን ፈቃድ አገኘ። አማርኛው ላይ ግን ተበድያለሁ፤ በየኤግዚያቱ እየሳሳ ይመጣል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከአያቱ ጋር በስልክ ቋሚ ቀን ብይዝለት ኖሮ ይሻል ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ይዤለታለሁ፤ አባቴ ስለ ዊንጌት ያወሩለታል፣ እሱ ስለ እሱ ቤት ያወራላቸዋል። ገንፎው ላይ ተግባብተዋል።

ባለፈው ሳምንት ከወትሮው ዘግይቶ ደወለ። በጥር የገባ አንድ አዲስ ልጅ አልጋው ውስጥ ሲያለቅስ ሰምቶ፣ ኃላፊዋን አስፈቅዶ ወጥ ቤት ወስዶት ነበር።

«ምን አደረግክለት?» አልኩት።

«ሻይ አፈላሁለት።»

«በቀረፋ?»

«አይ፣ ቀረፋው አልቋል። ላኪልኝ እንጂ።»