የእድር መዝገብ ማንበብ የተማርኩበት ክረምት

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ እድር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ነዋሪው በከተማው ዳር ዳር ተበተነ። ቤቱስ ፈረሰ፤ እድሩ ምን ሆነ? ትናንት አጥር ለአጥር የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ርቀት ላይ ናቸው። ታዲያ ማን ማንን ይቀብራል? ጥያቄዬ ይሄ ነበር።

እንደ ማንኛውም ተማሪ ከንባብ ጀመርኩ። ስድስት ኪሎ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳምንታት ተቀመጥኩ። ብዙ አጥኚዎች የከተማን እድር ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ ጋር ያያይዙታል። ከአገር ቤት መጥቶ ዘመድ አጠገቡ የሌለ ሰው፣ ሲሞት የሚያነሳው ጎረቤት ያስፈልገው ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ጥናቶች ብዙ ጊዜ እድርን የሚያዩት እንደ ኢንሹራንስ ነው። ቃሉ ሳላውቀው አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ ያልከፈለ ሰው አይካስም።

ከዚያ ደብዳቤዬን ይዤ ወደ ሰዎቹ ሄድኩ። ደብዳቤው ማኅተም ነበረው፤ ያስፈራቸውም ማኅተሙ ነው። «ከወረዳ ነሽ?» አሉኝ። መቅረጫ ሳወጣ ወሬው ይቆማል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በሩን የከፈተልኝ ለቅሶ ነው። አንድ አባል አርፈው ድንኳን ሲተከል አግዳሚ አነሳሁ፣ ንፍሮ አዞርኩ፣ ሦስቱንም ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን እማማ አንዷ ራሳቸው ደውለው «ነይ ቡና ጠጪ፣ ያንንም ነገርሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። መቅረጫውን ማለታቸው ነበር።

ጥያቄዎቼም መስተካከል ነበረባቸው። «እድሩ በስንት ዓ.ም. ተቋቋመ?» ስል ማንም አይመልስልኝም። «ቤት ሳይወረስ ነበር ወይስ ከተወረሰ በኋላ?» ስል ግን ክርክሩ ይደራል። ትርፍ ቤት የተወረሰው በአዋጅ ቁጥር 47፣ ሐምሌ 1967 ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሽ ዕድሜውን የኖረው ያኔ በተወረሰ የቀበሌ ቤት ውስጥ ስለሆነ ያን ቀን አይረሳውም። እንዲህ ያሉ ክስተቶችን ከነዓመታቸው በአንድ ወረቀት ጻፍኩና ከቃለ መጠይቅ ቅጹ ጋር ይዤ መዞር ጀመርኩ። ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ። ሰዎቹ የነገሩኝን ዓመት እዚያው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየቀየርኩ እመዘግብ ነበር። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ተደነባበረብኝ፤ ሁሉንም ቅጂ እንደገና ማዳመጥ ግድ ሆነ። የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ሰው የነገራችሁን ዓመት እንደነገራችሁ ጻፉት። ቅየራው መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ዋናው ነገር ግን መዝገቡ ነው። ጸሐፊው በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ከላይ ወሮቹ፣ ከጎን የአባላቱ ስም። የከፈለ በሰማያዊ ቢክ ምልክት ይደረግለታል። ቅጣት በቀይ። አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ግን በእርሳስ የተቀመጠች አንዲት ነጥብ ብቻ አለች።

ነጥቧን ያልከፈለ ብዬ ቆጠርኳት። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ባሉት ገጾች ነጥቦቹ ይበዛሉ። ድምዳሜዬ ቀላል ሆነ፦ ድሃው ከእድር እየወጣ ነው። ምዕራፉን ጻፍኩ፣ ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ አማካሪዬም ወደዱት።

ከማስገባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን አያነቡትም፤ በእንግሊዝኛ ነው። ዋና ዋናውን በአማርኛ አዘጋጅቼ በወር ስብሰባቸው ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ነጥቧ ላይ ስደርስ ጸሐፊው እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ነጥቧን ያልከፈለ ነው ያልሽው?»

«አዎ አባባ።»

«ያልከፈለ አይደለም። የተከፈለለት ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ሲያጥረው ያለው ጎረቤት ለጸሐፊው ቀስ ብሎ ያቀብላል። መዝገቡን ኦዲተሮች ስለሚያዩት የሰጪ ስም አይጻፍም፤ ሰውየው እንዳይሸማቀቅ። በእርሳስ የሆነው ደግሞ፣ እጁ ሲፈታ ራሱ መክፈል ከፈለገ በላጲስ ጠፍቶ በቢክ እንዲተካ ነው። ከወር በላይ ስቆጥረው የከረምኩት ሌላ ነገር ነበር። የነጥቦቹ መብዛት ሰዉ መጎዳቱን ያሳያል፣ እውነት ነው። ግን ያንኑ ያህል ሰው ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላም ከሩቅ ሆኖ ጎረቤቱን እየደገፈ እንደነበር ያሳያል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። የመመረቂያ ጊዜዬ በአንድ ሴሚስተር ተራዘመ፤ አልቆጨኝም።

አዲስ ችግርም መጣ። ነጥቧ ምስጢራቸው ናት። ልጻፈው ወይስ ልተወው? የሥነ ምግባር ቅጼ ላይ ስለዚህ ምንም አልተጻፈም። መልሼ እነሱኑ ጠየቅኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ «የሰፈሩን ስም ጻፊ፣ የእድሩን ተይው» አሉኝ። እዚህም ያደረግኩት እንደዚያ ነው።

የአማርኛውን ቅጂ አሳትሜ ስወስድላቸው ጸሐፊው ከመዝገቡ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቀለሉት። ከዚያ ሌላ መዝገብ አወጡ፣ የደርግ ጊዜ ነው። በውስጡ ነጥብ የለም፤ በአንዳንድ ስም አጠገብ ግን ትንሽ መስቀል አለ። እሳቸውም ትርጉሙን አያውቁትም። የያኔው ጸሐፊ ባለቤት ጀሞ ኮንዶሚኒየም በሕይወት አሉ ብለውኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ።