«አሜሪካ ተቀምጠህ መኪናህ ያፈሳል?»

ሰሞኑን የሰፈር ጓደኞቼ በቪዲዮ ደውለው መኪናህን አሳየን አሉኝ። አሳየኋቸው። የ1998 ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ ናት፣ ከእኔ በፊት ስንቱ እንደነዳት እንጃ። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ፎጣ ሲያዩ አንዱ «አሜሪካ ተቀምጠህ መኪናህ ያፈሳል?» ብሎ ሳቀ። ሌላው ደግሞ ምንም ሳያፍር «ከምትለፋ ለእኔ ላካትና አዲስ ግዛ» አለኝ። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ቤት እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን እኔ ሲያትል ሆኜ ሰምቼ እሱ ቦሌ ተቀምጦ አልሰማም።

ያፈሳል ወዳጄ። ብረት አሜሪካም ይዝጋል።

የሲያትልን ዝናብ የምታውቁት በወሬ ነው። እንዲያውም የዓመቱ ተደምሮ ቢለካ አዲስ አበባ ትበልጣለች። የእኛ ክረምት ግን ያጓራል፣ በረዶውን አራግፎ ይወጣለታል፣ ከዚያ ፀሐይ። የዚህኛው ከጥቅምት ጀምሮ ሳይጮህ ሳይቆጣ ያካፋል። ጉድ የሚሠራው ደግሞ ይሄ ካፊያ ነው። ቀኑን ሙሉ በፊት መስታወቱ ጠርዝ ቀስ ብሎ ይሰርግና ኮርኒሱ ውስጥ ተጠራቅሞ ፍሬን እስክትይዝ ይጠብቅሃል።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ቤታቸው እንዳደርሳቸው ተጠየቅኩ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ፊት አስቀመጥኳቸው፤ ትልቅ ሰው ኋላ አይቀመጥም፣ ደግሞም የእኔ መኪና ኋላ የላትም። ቁልቁለቱን ወርደን ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ስይዝ ጥግ ላይ የተጠራቀመው ውሃ በሙሉ እቅፋቸው ውስጥ ተዘረገፈ። ንጹህ ውሃ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ዝገት የጠጣ፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ነው። አማተቡ። «አይ ልጄ» አሉ፣ በቃ፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ለእኔ አልወጣቸውም እንጂ ለሌላው ወጥቷቸዋል። በሚቀጥለው እሁድ ጸበል ጻዲቁ እየተቀመሰ ሳለ ከኮሚቴው አንዱ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና ፖስታ ዘረጋልኝ። «እንዳትቀየም ወንድሜ፣ ተቸግረሃል ሲባል ሰምተን ትንሽ ነገር አዋጥተን ነው።» ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ለታመመ፣ ለለቅሶ፣ ካገር ቤት አዲስ ለገባ ስም ዝርዝር ይዤ ሰው የማስዋጣው እኔ ነኝ እኮ። አልተቸገርኩም፣ መስታወቱ ነው ብዬ ባስረዳሁ ቁጥር «የሐበሻ ኩራት ነው» እያሉ የባሰ አዘኑልኝ። ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ አዙሩልኝ ብዬ በስንት ልመና ተገላገልኩ። የዚያኑ ቀን ማታ ታናሽ ወንድሜ «የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ፣ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ይጽፍልኛል። ጠዋት ነዳይ፣ ማታ ባለጸጋ።

ታዲያ ቀድመህ አታሠራም ነበር ትሉ ይሆናል። የእኔ ኢንሹራንስ ድንጋይ መትቶ ለሰነጠቀው መስታወት ይከፍላል፤ ዝገት ግን የእርጅና ነው ብሎ ስልኩን ይዘጋል። መስታወት ቤቱ ሥሩ የዛገ ከሆነ አልለጥፍም፣ መጀመሪያ ብረቱን አሠራ አለኝ። ብረት የሚሠራው ደግሞ በሰዓት አስልቶ የጠራልኝ ሒሳብ መኪናዋን ሊገዛ ምንም አልቀረው። አገር ቤት ባለጋራዡ መኪናህን ሳያያት «ቀላል ነው፣ ነገ ይዘሃት ና» ይልሃል፣ ነገ ስትሄድ እሱ የለም። እዚህ ሰውዬው በቀጠሮው ሰዓት ተገኝቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ እንደማይሠራልህ አስፈርሞ ይሸኝሃል።

ያወጡኝ መሃል ከተማ ፓርኪንግ የሚሠሩ ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ባቲላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አቃኚ ነበሩ። እኔን ውስጥ አስቀምጠው ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ውሃ አርከፈከፉ፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥበው ቀዳዳው አይታወቅም አሉ። የላይኛው ቀኝ ጥግ ሆኖ ተገኘ። መስታወቱን በሽቦ ቆርጠን ስናነሳው የቀድሞው ባለቤት በደፋው ሲልከን ሥር ብረቱ በጥፍር ይፈረፈራል። ሲልከኑን ሲያዩ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። መስታወት የሚጣበቀው ዩሬቴን በሚባል ማጣበቂያ ነው፣ ዩሬቴን ደግሞ ሲልከን የነካው ቦታ ላይ አይዝም። ነገሩ ስለ ዝናብ ብቻም አይደለም፤ መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ከሚያግዙት አንዱ ይኸው መስታወት ነው። ፍቀው፣ ቀብተው፣ ለጥፈው «እስኪደርቅ መስኮቱን ትንሽ ክፈተው፣ በሩን እንዳትወረውረው፣ አየሩ መስታወቱን ይገፋዋል» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ብር አልቀበልም አሉ።

የሚያናድደኝ እንዲህ ያለ እጅ ፓርኪንግ ላይ መዋሉ ነው። እንቅፋቱ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛው አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ በዚያ ላይ ዕድሜ። እናንተ ለመምጣት የምታስቡ ልጆች ግን ጊዜ አላችሁ። ዲግሪያችሁን ጣሉት አልልም፣ ግን ቪዛ እየጠበቃችሁ ካፌ ከምትውሉ ጋራዥ ግቡ፣ ብየዳ ልመዱ፣ ቀለም ልመዱ። እዚህ አገር ዕቃው ርካሽ ነው፣ ውድ የሰው እጅ ነው።

ከመጣችሁ በኋላም መጀመሪያ የምትገዙት አሮጌ መኪና ነውና አትሸወዱ። ምንጣፉን አንሱና በእጃችሁ ዳብሱት። የመስታወቱን ጥግ ከውስጥ እዩ፣ ቢጫ የውሃ ምልክት ካለ ተዉት። መኪናው ውስጥ ሽቶ ከበዛ ምን እየሸፈነ እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» የሚል ያገር ልጅ ከሆነ ደግሞ ምንጣፉን ሁለቴ አንሱት።