የተደበቀው ሚስማር

ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጎንደር ላይ ዝናቡ ጀምሯል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ እሰማለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዝናቡ አይደለም። ያ ልጅ ዛሬ ወደ ግንባታ ሳይቱ ተመለሰ። ትንሽ ያነክሳል።

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ፎርማን ከመሆኔ በፊት አናጺ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በቁርጥ ነው፤ በካሬ ሜትር ነበር የሚከፈለኝ። በቁርጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ምሳ በቁም ነው። መወጣጫው ላይ አንዱ የባሕር ዛፍ ቋሚ ሲወዛወዝ ታየዋለህ። ወርደህ ለማጥበቅ ሩብ ሰዓት ይፈጅብሃል። ያን ሩብ ሰዓት ማንም አይከፍልህም። «ይችለኛል» ብለህ ትወጣበታለህ። ትናንትም ችሎሃል፣ ከትናንት ወዲያም ችሎሃል።

ከሥር የሚደግፈው ምሰሶ፣ ፑንቴሎውም እንደዚያው ነው። ሶሌታው፣ የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ከተሞላ በኋላ ኮንክሪቱ ራሱን እስኪችል ፑንቴሎው ከሥሩ መቆም አለበት። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ መያዙ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። እኛ ግን ጣውላውንም ፑንቴሎውንም ለቀጣዩ ፎቅ እንፈልገዋለን። ቀጣዩ ፎቅ ካልተጀመረ ብር የለም። ስንቱን ያለ ጊዜው እንደነቀልን ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል። ማንም «ነፍስህን ለአደጋ ስጥ» ብሎ አላዘዘኝም። አከፋፈሉ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ምሁር በፈረንጆቹ 1776 ስለ እኛ ሙያ ጽፏል። በቁርጥ ደህና የሚከፈላቸው ሠራተኞች ከልክ በላይ እየሠሩ በጥቂት ዓመት ጤናቸውን ያበላሻሉ ይላል። የለንደን አናጺ በሙሉ ጉልበቱ ከ8 ዓመት በላይ አይቆይም ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔን ወገቤ የጣለኝ በ9ኛው ዓመት ነው።

የባጃጅ ልጆችስ? ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለባቸው፤ ከዚያ በላይ የተገኘው የራሳቸው ነው። ከፒያሳ ቁልቁል ሲበሩ እንቆጣለን፣ እንሰድባቸዋለን። እኔ ግን ቁርጥን ስለማውቀው አንጀቴ አይጨክንባቸውም።

ፎርማን ስሆን ይህን እቀይራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ማራኪ አካባቢ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ስንጀምር ባለቤቱን ለምኜ አሳመንኩት። ወሩ ያለ አደጋ ካለፈ ሠራተኛው በሙሉ ቦነስ ያገኛል። መጋዘኑ በር ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ ያለ አደጋ ያለፉትን ቀናት በጠመኔ እጽፍ ነበር። አንድ ወር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በጣም ደስ አለኝ። ለሚስቴ ሳይቀር አወራሁላት።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አካባቢ ያ ልጅ ፌሮ ብረት ሲሸከም እግሩን ሲጎትት አየሁት። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ኧረ ምንም አልሆንኩም ጋሼ፣ ጫማው ጠቦኝ ነው» አለኝ። አመንኩት። በማግስቱ ቀረ። ማታ ቤቱ ሄድኩ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ ቁስሉ አመርቅዞ አገኘሁት። ተነቅሎ የተጣለ ጣውላ ላይ የቀረ ሚስማር ወግቶት ኖሯል። ከአምስት ቀን በፊት።

ያንኑ ሌሊት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወሰድነው። ወረፋ ይዘን ተቀምጠን ሳለ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «የሁሉንም ብር አበላሻለሁ ብዬ ነው ጋሼ» አለኝ። ለካ ጓደኞቹ ያውቁ ነበር። «አራት ቀን ነው የቀረው፣ ቻለው» ብለውታል። ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም። ከመካከላቸው የቤት ኪራይ ያለበት አለ፣ እናቱን የሚጦር አለ። ያን ቃል ያናገራቸው የእኔ ሰሌዳ ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ ዲፕዋተር ሆራይዘን አነበብኩ። በፈረንጆቹ 2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የፈነዳው የነዳጅ መቆፈሪያ ነው። 11 ሰው ሞተበት። በዚያው ዕለት ኃላፊዎች እዚያ ነበሩ። ከመጡበት ጉዳይ አንዱ ሠራተኞቹን ማመስገን ነበር፤ 7 ዓመት ሙሉ ሰው ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት አልደረሰም ተብሎ። አንብቤ ስጨርስ የእኔው ሰሌዳ ፊቴ ድቅን አለ።

ሌላም ያሳፈረኝ ነገር አለ። ልጁ ከሥራ ከቀረ ምንም የማይከፈለው መስሎት ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ይህን አስቀድሜ ብነግረው ኖሮ አምስት ቀን በዚያ እግር ፌሮ ይሸከም ነበር?

ሰሌዳውን አወረድኩት። ቦነሱ አልቀረም፤ የሚሰጠው ግን ለሚናገር ነው። የላላ ገመድ ያየ፣ ለጥቂት የተረፈ፣ ሚስማር የወጋው፣ ይናገር እና ይቀበል። ከፍታ ላይ የሚሠሩትን ደግሞ ከቁርጥ አውጥቼ ቀን ደመወዝተኛ አደረግኋቸው። ስዊድን ውስጥ በፈረንጆቹ 1975 የደን ሠራተኞች አድማ መትተው ከቁርጥ ወደ ወር ደመወዝ ከተሻገሩ በኋላ አደጋው ቀንሷል። የሚቆረጠው እንጨትም ቀንሷል። ይህን ለባለቤቱ ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ። የእኛም ሥራ ቀዝቅዟል። ይህ እውነት ነው፣ እሱም አልወደደውም።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ሲመጣ ሁሉም እየተነሱ አቀፉት። ብዙም ሳይቆይ ራሱ ጠራኝ። «ጋሼ፣ የሁለተኛው ፎቅ መወጣጫ ገመድ ልልት ብሏል» አለኝ፣ በሁሉም ፊት፣ ጮክ ብሎ። ሥራ አስቁሜ ሁሉንም አስወረድኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ስናጠብቅ ዋልን። ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ፣ ሶሌታው ሳይሞላ ቀረ።

ባለቤቱ ማታ ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳሁለትም። ነገ በጠዋት እደውልለታለሁ። አንድ ቀን የሄደው በዝናቡ ብቻ እንዳልሆነ እነግረዋለሁ።