ዝናቡ ሲቀያየርብን በቆሎ አዘራራችንን እንዴት እንደቀየርን

መቂ አካባቢ ከአባቴ ጋር በቆሎ እናመርታለን። 2007 ላይ፣ ያ ኤልኒኖ የመታን ዓመት፣ ግንቦት መጀመሪያ አንድ ደህና ዝናብ ጣለና ሰፈሩ በሙሉ ዘራ፣ እኛም ዘራን፣ ከዛ ሶስት ሳምንት ጠብ ያለ ነገር የለም። የበቀለው ደረቀ። እንደገና ዘር ገዝተን ሰኔ 10 አካባቢ ዘራን፣ ያው ቢኤች 540 የሚባለው የበቆሎ ዝርያ ነው፣ ለመድረስ 145 ቀን ገደማ የሚፈልገው።

ሐምሌን ማሳው አረንጓዴ ስለነበር ተርፈናል ብለን ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ልክ ጺሙን ሊያወጣ ሲል ዝናቡ ቆመ። በኋላ አንዱን ልጬ ሳየው ቆረቆንዳው ላይ ዘጠኝ ፍሬ ብቻ፣ ሌላው ባዶ። ለካ ውሃ ሲያጥረው ጺሙ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ከላይ ያለው ወንዴ አበባ ደግሞ ብናኙን አራግፎ ጨርሷል፣ አይገናኙም። ከግማሽ ሄክታር 3 ኩንታል! አባቴ ለጎረቤት እሸት ሳያቀምስ ያለፈው ያን ዓመት ብቻ ነው።

ከዛ ወዲህ በመጀመሪያው ዝናብ አልዘራም። በእጄ ቆፍሬ አፈሩ አንድ ስንዝር ድረስ ካልራሰ ዘር አላወጣም፣ የሰው ማሳ በቅሎ የራስህን ባዶ ማየት በጣም ይከብዳል ግን እችለዋለሁ። ዘሩንም መልካሳ 4 አደረግነው፣ 105 ቀን ገደማ ይበቃዋል፣ ሰኔ አጋማሽ ከተዘራ ጺሙ የሚወጣው ነሐሴ መጀመሪያ ዝናቡ ደህና ባለበት ሰዓት ነው። ዝናቡ በተስተካከለበት ዓመት ከ540 ያነሰ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ አባቴ አጥብቆ ተከራክሮኝ ዝናቡ ቶሎ ከያዘ እኩሌታውን በ540 እንዘራለን፣ ልክ ነበር።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ቦዩ ነው። ሽልሻሎ ስናደርግ፣ ማለት በበቀለው በቆሎ መሃል በበሬ ስናርስ፣ ማረሻው የሚያወጣውን ቦይ ድሮ ዝም ብለን እንተወው ነበር፣ ውሃው ተያይዞ ቁልቁል ይሄዳል። አሁን በየሁለት ሶስት ሜትሩ በዶማ አፈር ሰብስበን እንደፍነዋለን፣ ለሁለት ሰው አራት ቀን ይፈጃል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን ከዘነበ በማግስቱ የጎረቤት ቦይ ደርቆ የኛ ውሃ ቋጥሮ ታገኘዋለህ። ሲበዛ ደግሞ ቶሎ መክፈት አለብህ፣ በቆሎ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ቢጫ ይሆናል። ዩሪያም ደረቅ አፈር ላይ አልበትንም፣ ሳምንትም ቢሆን እጠብቃለሁ።

አምና ከዛው ግማሽ ሄክታር 14 ኩንታል አግኝተናል። ዘንድሮ ገና አልዘራሁም፣ ትናንት ማታ ቆፍሬ ሳየው አራት ጣት ነው የራሰው።