የቱርቦው ጥፋት አልነበረም

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ በመስታወቴ ከኋላዬ የሚመጣው ባጃጅ አልታየኝም። የታየኝ ጭስ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ጥቀርሻ የሚመስል ጭስ። ባለ ባጃጁ በመጨረሻ ሲያልፈኝ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ ነበር፤ እጁን አውጥቶ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። የጫንኩት አንድ ኩንታል ባቄላ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ መኪናዋ እንደ ደከመች በቅሎ ቆም ቆም ትላለች፤ በሁለተኛ እያዘገምኩ ቤቴ ደረስኩ።

መኪናዋ ባለ 1.4 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ያሪስ ናት፣ ዲ ፎር ዲ የሚሏት። ሞተሩ 1,364 ሲሲ ብቻ ነው፤ አየር ጨምቆ ወደ ውስጥ የሚነፋለት ቱርቦ ስላለው ግን 75 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. ስገዛት ጓደኞቼ «ናፍጣ የሚጠጣ ቪትዝ» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ለባለቤቴ የባልትና ሱቅ ከዳባትና ከደባርቅ እህል ሳመላለስ በነዳጅ ወጪዬ ሳቅኩባቸው። ሳቄ እስከዚያ ዳገት ድረስ ቆየ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ሳይከፍት «ቱርቦው ሄዷል» አለኝ። አመንኩት። ከመርካቶ ያገለገለ ቱርቦ አስመጥቼ 28,000 ብር ከፈልኩ፤ ተገጠመ፤ ጭሱ ግን እንደ ነበረው ቀጠለ። ሁለተኛው ጋራዥ የናፍጣ ፓምፑ ይቀየር አለ፤ «እግረ መንገዱን የታይሚንግ ቺንጋውንም እንቀይረዋለን» ሲለኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ይህ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፣ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። የሌለ ዕቃ ሊቀይርልኝ የተነሣ ሰው ፓምፔን ቢፈታ ምን ሊያደርገው እንደሚችል ማሰብ አልፈለግሁም። ሦስተኛው ሞተሩ ወርዶ ይታይ አለ።

ከአራዳ ገበያ ጀርባ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የሚጠግኑ አዛውንት መካኒክ አሉ። የሄድኩባቸው ከተስፋ መቁረጥ የተነሣ ነው፤ ኮምፒውተር የሌላቸው ሰው የዘመኑን ሞተር ያውቁታል ብዬ አልገመትኩም።

«ጋሼ፣ ቱርቦው ተቀይሯል» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለ ቱርቦው ማን ጠየቀህ? ይልቅ ኮፈኑን ክፈተውና ገብተህ ነዳጅ ስጥ።»

እኔ ነዳጅ ስሰጥ እርሳቸው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። መዳፋቸውን ሲያወጡት ከታች በኩል ቅባት በአቧራ ተለውሶ ተለጥፎበት ነበር። ማሰሪያውን ፈትተው ቱቦውን ወደ ኋላ ሲያጥፉት ጣት የሚያህል ስንጥቅ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ሲለቁት ተዘጋ። ሞተሩ ቆሞ ያየው ሁሉ ደህና ነው ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነበር፤ ስንጥቁ የሚከፈተው ቱርቦው ሲነፋ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀላል ሆኖ ሳለ እኔ ሳልገነዘበው የቀረሁት ይህ ነው። ሞተሩ በአየር መግቢያው የሚገባውን አየር ለክቶ ለዚያ የሚመጥን ናፍጣ ይረጫል። የተለካው አየር መንገድ ላይ በስንጥቅ ካመለጠ ናፍጣው ይበዛል፣ በደንብ አይነድም፣ ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦው ይህን ጉድለት ለማካካስ እዚህ የበለጠ ይሽከረከራል። ቆላ ላይ ሳይታወቅ ሊከርም የሚችል ቀዳዳ እኛ ዳገት ላይ ወዲያው ያሳጣል።

አዲሱ ቱቦ ከሁለት ሺህ ብር ያነሰ ነበር። ጭሱ በዚያው ቀን ቆመ።

የወረደውን ቱርቦ በፌስታል ይዤላቸው ስሄድ ዘንጉን በጣታቸው አሽከረከሩት፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደረጉት። ወደ ጎን ትንሽ መነቅነቁ ያለ ነው፣ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ስለሆነ ዘይት በሌለበት ይላወሳል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ግን አልቋል ማለት ነው። የእኔው አልሄደም። «ይህ ከአንተ በላይ ጤነኛ ነው» አሉኝ። 28,000 ብሬን እዚያው በልቤ ቀበርኩት።

ሆኖም ሲመረምሩት የዘይት መግቢያው አፍ ላይ ድርቅ ያለ ጥቁር ቅርፊት አገኙ፣ እንደ ተቃጠለ ምጣድ ጠርዝ። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብዬ ዳገት እንደጨረስኩ፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ በር ላይ ቆሜ ወዲያው አጠፋ ነበር። የትንሽ ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ይቋረጣል፣ ውስጥ የቀረው ዘይት በጋለው ብረት ላይ ይጠበሳል። አሁን ዳገት ወጥቼ ስደርስ አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ አስነሥቼ አቆየዋለሁ። የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ መኪናዋን ረሳሃት» ይሉኛል።

ዘይቱንም በየ5,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ሞተር 15,000 ይባላል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የእኛን አቧራ የሚበላ ሞተር ግን በዚያ ሒሳብ አይተዳደርም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን መጥቆሩ አያስደነግጥ፤ ጥቀርሻውን ይዞ መዞር ሥራው ነው። የሚያስደነግጠው መለኪያው ላይ መጠኑ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት ነው። የአየር ፊልትሮም እንዲሁ፤ በንፋስ አራግፎ መመለስ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ።

ሽማግሌው ካስተማሩኝ ሁሉ የተጸየፍኩት ኢጂአር የተባለውን ነው። የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ነው፣ ለአካባቢ አየር ሲባል የተሠራ። ቫልቩንና የአየር መግቢያውን ስንፈታ አንድ ብርጭቆ የሚያስገባው ቀዳዳ አውራ ጣቴን ብቻ የሚያስገባ ሆኖ አገኘሁት። በዙሪያው ሬንጅ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ የሚያጣብቅ ጥቀርሻ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በማንኪያ እጀታና በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁ፣ በላምባ አጠብኩ፤ ጥፍሬ ውስጥ የገባው ለሳምንት አልወጣም። ምክንያቱ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ ፒያሳ የሚለው የከተማ ጉዞ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ኮሶዬ እወጣለሁ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ዙሩን ከፍ አድርጌ። ባለቤቴ ሽርሽር ይመስላታል፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ስለ ላምባ ካነሣሁ አይቀር፣ ቦታው ብሩሹ ላይ ነው፣ ታንክ ውስጥ አይደለም። የነዳጅ ሰልፍ በረዘመባቸው ሳምንታት ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ገዝቼ ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተሩ አልነሣም አለ፤ ሲነሣም እንደ ወፍጮ ተንኳኳ። ከዚያው ጀሪካን የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት ከታች ሁለት ጣት ንጹሕ ውሃ፣ ከላይ ናፍጣው፣ በመካከላቸው በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። የዚህ ሞተር ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውሃም ሆነ ላምባ ሲቀላቀል ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። ደግሞ ከፓምፑ የሚወጣው ግፊት ከአንድ ሺህ ባር በላይ ነው፣ ጎማችን ውስጥ ያለው ሁለት ባር ተኩል በማይሞላበት ዓለም።

ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን የኢንጀክተሮቹን ጤና የለካነው በአራት ጠርሙስ ነው። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ያልረጨውን ናፍጣ በቀጭን ቱቦ ወደ ታንክ ይመልሳል። መመለሻዎቹን ነቅለን አራቱንም በግሉኮስ ቱቦ ወደ አራት ትንንሽ ጠርሙሶች አደረግናቸው፤ ሞተሩ ሁለት ደቂቃ ሠራ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው እኩል ሊባል የሚችል ሲመልሱ ሦስተኛው ጠርሙሱን ሊያፈስ ደረሰ። ውስጡ ተበልቷል፣ ግፊቱን ያፈስሳል ማለት ነው። እርሱን ብቻ አውጥተን ለሥራ አዲስ አበባ ላክነው። ሲመለስ ከሥሩ የሚገባው የመዳብ ቀለበት አዲስ መሆን ነበረበት፤ የድሮውን መልሶ መግጠም ከጎኑ ጋዝ ያስወጣል፣ ኢንጀክተሩም በጥቀርሻ ተጣብቆ ቀጣይ ጊዜ በመዶሻ ነው የሚወጣው። ይህንን የማውቀው ባልተቀየረ ቀለበት ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባለቤቴ ባቄላዋ ለምን እንደሚዘገይባት ያወቀችው በዚህ መኪና ምክንያት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ማሰሮ ከመክደን አይለይም። ከዳባት ስመለስ ያፈላችብኝ ክዳኑ ነበር፣ ዋጋውም የሁለት ሰው ምሳ አይሞላም። የቧንቧ ውሃም አልጨምርም፤ የዚህ ሞተር አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።

መርካቶ የተገዛው ቱርቦ በስምንተኛ ወሩ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። አውልቄ የራሷን፣ ያንን ከእኔ በላይ ጤነኛ የተባለውን፣ ቅርፊቱን አስጸድቼ መለስኩላት። 268,000 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከውሃ ፓምፑ ሥር የአንድ ጠብታ ምልክት አየሁ፤ ካርቶን ከታች አንጥፌ ሦስት ሌሊት አሳደርኩት፣ ጠብታው አልበዛም። ሽማግሌው ዘንድ ሰኞ እወስዳታለሁ።